የገበሬው ጆሮ፤ የእርሻና የገበያ ወሬ ከአቃቂ እስከ አሶሳ

የአገራችንን የራዲዮ ታሪክ የጻፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚነግሩን ስለ ተናጋሪው ነው። ጣቢያው መቼ እንደ ተተከለ፣ ማሠራጫው ምን ያህል ኃይል እንደ ነበረው፣ በማይክሮፎኑ ፊት ማን እንደ ቆመ፣ የተፈራረቁት መንግሥታት ስሙን ምን ብለው እንደ ለወጡት ተመዝግቦ ይገኛል። ስለ አድማጩ የተጻፈው ግን ጥቂት ነው፤ ከአድማጮችም መካከል ስለ ገበሬው የተጻፈው እጅግ ያነሰ ነው። ይህ ጽሑፍ ታሪኩን ከማዶ፣ ከአድማጩ ወገን ሆኖ ለመመልከት ይሞክራል። ገበሬው ከራዲዮ ምን መስማት ይፈልግ ነበር? የቀረበለትንስ በምን ሚዛን መዘነው? ጥያቄው ጊዜ የማሳለፊያ ጥያቄ አይደለም። የተምች ወሬ ጥቂት ቀናት የዘገየበት ገበሬ የዓመት ቀለቡን ሊያጣ ይችላል፤ የገበያውን ዋጋ ሳይሰማ የወጣም ገበሬ የክረምት ሙሉ ድካሙን ደላላ በቆረጠለት ዋጋ አስረክቦ ይመለሳል።

ነጋሪትና ገበያ

ራዲዮ ከመምጣቱ በፊት ገበሬው ወሬ አጥቶ አልኖረም። ወሬ ወደ እርሱ የሚደርስባቸው ሁለት መንገዶች ነበሩ። አንደኛው ነጋሪት ነው። አዋጅ ነጋሪው በገበያ መካከል ከፍ ካለ ቦታ ላይ ቆሞ፣ ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማው አሰማ እያለ የገዥውን ቃል ያስተላልፋል። ነጋሪት ጥያቄ አይቀበልም። የሰማው ሰው ድርሻ መስማትና ማሰማት ብቻ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ገበያው ራሱ ነው። ከገበያ የሚመለሰውን ሰው መንገድ ላይ ያገኘ ሁሉ፣ ከሰላምታው ቀጥሎ የሚያነሣው ጥያቄ፣ ገበያው እንዴት ዋለ? የሚል ነው። መላሹ የታወቀ ሰው ነው፤ የገዛውን ገዝቶ፣ የሸጠውን ሸጦ ይመለሳል። ጠያቂውም በአንድ መልስ አይረካም። እህሉ ምን ዓይነት ነበር? በቁና ነው ወይስ በጣሳ? የተሸጠው በጠዋት ነው ወይስ ገበያው ሊፈታ ሲል? ገዢው የአገር ሰው ነው ወይስ ከሩቅ የመጣ ነጋዴ? በዚህ ዓይነት ወሬው እየተጣራ፣ እየተመዘነ፣ ከሌላ ሰው ወሬ ጋር እየተነጻጸረ እንደሚታመንበት ሆኖ ወደ ቤት ይገባል። ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር የሚለው የአበው ብሂል የተወለደው ከዚህ ልማድ ነው ቢባል አያስደፍርም።

እንግዲህ ይህ ጽሑፍ የሚያነሣው ነገር ባጭሩ ይኸው ነው። ራዲዮ ወደ አገራችን ሲገባ የነጋሪት ወራሽ ሆኖ ገባ፤ ገበሬው ደግሞ ሲጠብቀው የኖረው የገበያው ወራሽ እንዲሆንለት ነበር። የሁለቱ አለመጣጣም ለብዙ ዓመታት ዘልቋል፤ ዛሬም ቢሆን ፈጽሞ ተወግዷል ለማለት አይቻልም።

ከአቃቂ የተነሣው ድምፅ

የአቃቂ ራዲዮ ጣቢያ ሥራ በጀመረበት ጊዜ አገሪቱ በጦርነት ሥጋት ውስጥ ነበረች። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1928 ዓ.ም. መግቢያ ላይ፣ የፋሺስት ኢጣልያ ወረራ በደጅ በነበረበት ወቅት፣ የአገራቸውን አቤቱታ ለዓለም ያሰሙት በራዲዮ ነው። የዚያ ንግግር አድማጮች በአውሮፓና በአሜሪካ ከተሞች ነበሩ። በዚህ ረገድ ሲታይ የኢትዮጵያ ራዲዮ ገና ከጅምሩ ጆሮ የፈለገው ከውጭ አገር ነበር ለማለት ይቻላል። ከነጻነት በኋላ፣ ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ሥርጭቱ እንደገና ሲቀጥል የአገር ውስጥ አድማጭ እየተበራከተ ሄደ፤ ነገር ግን የዘመኑ መቀበያ በመብራት ወይም በትልቅ ባትሪ የሚሠራ፣ ዋጋው የከበደ ዕቃ ስለ ነበር ከከተማ፣ ከመሥሪያ ቤትና ከባለጸጋ ቤት ርቆ አልሄደም።

ይህን የለወጠው ትራንዚስተር ነው። በእጅ የሚያዘው ትራንዚስተር ራዲዮ በ1954 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ለገበያ ከቀረበ በኋላ ባሉት ዓመታት ወደ እኛም አገር ገባ። ገበሬው በበሬ ቀንበር ጫፍ ላይ ሊሰቅለው፣ እረኛው በአንገቱ ሊያንጠለጥለው የሚችል ሆነ። ይሁን እንጂ ከመቀበያው ዋጋ ይልቅ የገበሬውን ማዳመጥ የወሰነው የድንጋዩ ዋጋ ነበር። ድንጋይ ሲዳከም ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ጥቂት ነፍስ ሲዘራ እንደገና ይገባል። በዚህ ምክንያት የገጠር አድማጭ ራዲዮውን ቀኑን ሙሉ ከፍቶ የሚተው አይደለም፤ ቆጥቦ የሚሰማ ነው። የሚሰማውንም ሰዓትና ዝግጅት መርጦ ይከፍታል፤ ያልጠቀመው ሲመጣ ይዘጋል። ስለ ገበሬው የአዳመጥ ምርጫ የሚናገር ሁሉ መጀመሪያ ማስታወስ የሚገባው ይህን ነው። ለከተማው ሰው ምርጫ የፍላጎት ጉዳይ ሲሆን ለገበሬው ግን የኪስ ጉዳይም ነበር።

በ1955 ዓ.ም. የካቲት ወር አዲስ አበባ ላይ ሥርጭቱን የጀመረው፣ በሕዝቡ ዘንድ ብሥራተ ወንጌል በመባል የታወቀው ጣቢያ፣ ከሃይማኖት ስብከት ጎን ለጎን የትምህርትና የልማት ዝግጅቶችን ያቀርብ ነበር። በመጋቢት 1969 ዓ.ም. ተወርሶ የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ ተብሏል። የጣቢያው ባለቤት ቢለወጥም የተናጋሪውና የአድማጩ ዝምድና ግን እንደ ነበረ ቀጠለ። አንዱ ተናጋሪ ነው፣ ሌላው ሰሚ።

ዋጋ ትእዛዝ በነበረበት ዘመን

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት መሆኑን የሚገልጸው አዋጅ በራዲዮ ሲነገር ገበሬው ከዚያ ቀን በፊት በራዲዮ ከሰማው ሁሉ የሚበልጥ ወሬ ሰማ። ይህ ወሬ በመሬቱ፣ በጉልበቱና በልጆቹ ዕድል ላይ የሚወስን ነበርና አድማጩን ለማሳመን ብዙ ቃል አላስፈለገውም። የገበሬ ማኅበራት ተቋቋሙ፤ ብዙዎቹም ራዲዮ ያላቸው ሆኑ። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ደግሞ ፊደሉን ወደ ጎጆው አደረሰ። ዘመቻው እየሰፋ ሄዶ በ15 የአገሪቱ ቋንቋዎች ትምህርት የሰጠ ሲሆን፣ በ1980 እ.ኤ.አ. የዩኔስኮን የመሠረተ ትምህርት ሽልማት አስገኝቷል። ከዚህ ላይ ግን ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ነገር አለ። ከ15ቱ ቋንቋዎች መካከል በርታ አልነበረም፤ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ ማኦና ኮሞም አልነበሩም። በኋላ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ የሚባለው ክልል ነባር ሕዝቦች፣ ያ ታላቅ የትምህርት ማዕበል ሲነሣ በራሳቸው ቋንቋ አልደረሳቸውም።

የገበያውን ወሬ በተመለከተ ሁኔታው ከዚህ የከበደ ነበር። በ1960ዎቹ መጨረሻ የተቋቋመው የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት እህልን በተወሰነ ዋጋ ይገዛ ነበር፤ ለየገበሬው ማኅበር ኮታ ይደለደላል፤ በየመንገዱ የቆሙት ኬላዎች እህል ከአንድ ክፍለ ሀገር ወደ ሌላው እንደ ልብ እንዳይጓዝ ያግዱ ነበር። ዋጋው በራዲዮ ቢነገር ምን ይሆናል? ገበሬው ከሰማው በኋላ ሊያደርገው የሚችለው የለም። ዋጋ ወሬ የሚሆነው ሰሚው ሰምቶ መንገዱን መለወጥ፣ መሸጡን ማዘግየት፣ ሌላ ገዢ መፈለግ ሲችል ነው። ይህን ማድረግ በማይቻልበት ጊዜ የተነገረ ዋጋ ትእዛዝ ነው፤ ትእዛዝን ደግሞ ገበሬው ከነጋሪት ዘመን ጀምሮ ያውቀዋል። ጎን ለጎን በዱቤም፣ በድብቅም፣ በሌሊት ጭነትም የሚካሄደው የእህል ንግድ የራሱ የወሬ መስመር ነበረው፤ ይህም መስመር ከራዲዮው ይልቅ ይታመን ነበር።

በየካቲት 1982 ዓ.ም. የታወጀው የቅይጥ ኢኮኖሚ መመሪያ ኮታውን አስቀረ፤ ኬላዎቹም ተነሡ። የእህል ዋጋ እንደ ገበያው ከፍና ዝቅ ማለት ጀመረ። በዚያው ዓመት የእርሻው ዓለም የወሬ ፍላጎት ባንድ ጊዜ ተለወጠ። ትናንት ዋጋውን ማወቅ ጥቅም ያልነበረው ገበሬ ዛሬ ሳያውቅ ከቤቱ ቢወጣ የሚከስር ሆነ። ስለ እርሻ ዋጋ የሚሰጥ የራዲዮ ዝግጅት በእውነት አስፈላጊ የሆነው ከዚህ በኋላ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

የሌላው ዓለም ልምድ

ሌሎች አገሮች ይህን ጥያቄ እንዴት እንደ መለሱት መመልከቱ ይጠቅማል። ካናዳ ከ1941 እስከ 1965 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት ገበሬዎቿን በየሰፈሩ እያሰባሰበች የጋራ ማዳመጫ ቡድኖች ነበሯት። ቡድኑ አስቀድሞ የተላከለትን ጽሑፍ ያነብባል፤ ዝግጅቱን በአንድነት ያዳምጣል፤ ከዚያም ይወያያል፤ የውይይቱንም ውጤት ለጣቢያው ይልካል። ሕንድ ይህንኑ ዘዴ በ1956 እ.ኤ.አ. በፑና አካባቢ በ150 መንደሮች ሞከረችው። ሙከራውን የመረመሩት ሰዎች የማዳመጫ ቡድን ያላቸውን መንደሮች፣ ራዲዮ እያላቸው ቡድን ከሌላቸው መንደሮች ጋር ሲያነጻጽሩ፣ በቡድን ያዳመጡት ብዙ ዕውቀት ሲጨብጡ የሌሎቹ ለውጥ አነስተኛ ሆኖ አገኙት። ታንዛንያም በ1973 እ.ኤ.አ. የጤና ዘመቻዋን በማዳመጫ ቡድኖች አካሂዳ 2 ሚልዮን ያህል ሰዎችን አሳትፋለች። ከእነዚህ ሁሉ የምንረዳው የራዲዮ ቃል ከአየር ላይ ወርዶ በሰዎች መካከል ካልተወያዩበት ሥር እንደማይሰድ ነው። የእኛ ገበሬ ከገበያ ሲመለስ የሚያደርገውም ይህንኑ ነበር።

የብሪታንያ ታሪክ ደግሞ ለተውኔት ሰዎች የቀረበ ነው። በ1948 እ.ኤ.አ. በበርሚንግሃም በተደረገ የገበሬዎችና የራዲዮ ሰዎች ስብሰባ ላይ፣ ስለ እርሻ የሚነገሩን ንግግሮች አሰልቺ ናቸው፤ የሚያስፈልገን እንደ ታወቀው የጀብዱ ተከታታይ ድራማ ያለ የገበሬ ድራማ ነው ሲል ሐሳብ ያቀረበው አንድ ገበሬ ነበር። ከዚያ ሐሳብ የተወለደው አርቸርስ የተባለው ተከታታይ ድራማ ከ1951 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለመላው አገር ሲተላለፍ እስከ ዛሬ ዘልቋል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የግብርና ሚኒስቴር ስለ ዘር፣ ስለ ከብት በሽታና ስለ መኖ የሚፈልገውን ምክር ደራሲዎቹ በገጸ ባሕርያቱ አንደበት እያስገቡ ያስተላልፉ ነበር። ልብ እንበል፤ ቅርጹን የመረጠው አድማጩ ነው።

ከዚህ የተገላቢጦሽ የሆነ ታሪክም አለ። ካናዳዊው የእርሻ ራዲዮ አዘጋጅ ጆርጅ አትኪንስ በ1975 እ.ኤ.አ. በዛምቢያ ከአፍሪካ የራዲዮ ባልደረቦች ጋር ሲጨዋወት፣ አንዱ ስለ ትራክተር ሻማ አጠራረግ ያዘጋጀውን ዝግጅት ነገረው። በዚያ ጣቢያ አድማጮች መንደር ግን ትራክተር ያለው ገበሬ ከቁጥር የሚገባ አልነበረም። አትኪንስ ከዚህ ተነሥቶ በ1979 እ.ኤ.አ. ለታዳጊ አገሮች ገበሬዎች የሚሆን ጽሑፍ ለየጣቢያው የሚያድል ማኅበር አቋቋመ። የትራክተሩ ሻማ የእኛም አገር ሻማ ነው። ለጥማድ ገበሬ በሄክታር፣ ለቁና ሻጭ በኩንታል፣ ማዳበሪያ ላላገኘ ሰው ስለ ማዳበሪያ አጨማመር የተነገረው ብዙ ነው።

አሶሳ ሆኖ ማዳመጥ

አሁን ፊታችንን ወደ ምዕራብ እንመልስ። አሶሳ ከአዲስ አበባ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ከሱዳን ጋር በሚያዋስነው ምድር ላይ፣ በበርታ ሕዝብ አገር የተቆረቆረች ናት። አካባቢው በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ወደ ምኒልክ ግዛት ከመግባቱ በፊትም ሆነ በኋላ፣ ወርቁና ንግዱ ከአባይ ማዶ ከሱዳን ጋር የተሳሰረ ነበር፤ ዐረብኛም የገበያና የሃይማኖት ቋንቋ ሆኖ ቆይቷል። ኦምዱርማን ራዲዮ በ1940 እ.ኤ.አ. ሥራ ከጀመረ በኋላ ዐረብኛ ለሚሰማ የቤኒሻንጉል ሰው በቋንቋ የሚቀርበው ከአዲስ አበባው ጣቢያ ይልቅ እርሱ ነበር። ማዕበል ድንበር አያውቅምና የአድማጭ ምርጫ ሲጠና ይህን መርሳት አይገባም።

በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ድርቅ ካጠቃቸው ከወሎና ከትግራይ እንዲሁም ከሌሎች አካባቢዎች 600 ሺህ ገደማ ሰዎች ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ አገራችን እንዲሰፍሩ በተደረገ ጊዜ አሶሳና መተከል ዋና የሠፈራ ቦታዎች ሆኑ። ብዙ መከራ የታየበት ሠፈራ ነበር። በጥቂት ዓመታት ውስጥ የደጋ ገበሬና የቆላ ገበሬ፣ አማርኛ ተናጋሪና በርታ ተናጋሪ፣ ጤፍ የለመደና ማሽላ የለመደ በአንድ ገበያ ተገናኙ። የጠበቁት ወሬ ግን አንድ ዓይነት አልነበረም። ከደጋ የመጣው ሰው ስለማያውቀው አፈር፣ ስለማያውቀው ነፍሳት፣ ስለ ቆላ በሽታ መስማት ይፈልጋል፤ ነባሩ ሰው ደግሞ የመሬቱን ጠባይ ከማንም በላይ ያውቃልና የሚፈልገው የዋጋውንና የመንገዱን ወሬ ነው። ለሁለቱም አንድ ንግግር በአንድ ቋንቋ ማንበብ ሁለቱንም ማጣት ነው።

ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ክልሉን በስሙ ካቋቋመ፣ በ1999 ዓ.ም. የወጣውም የብሮድካስት አዋጅ ለማኅበረሰብ ራዲዮ በር ከከፈተ በኋላ፣ በአሶሳ የክልሉ ብዙኃን መገናኛ ከአማርኛ ጎን በነባሮቹ ሕዝቦች ቋንቋዎች ማሰራጨት ጀመረ። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ቋንቋ ግን የምርጫው አንድ ክፍል እንጂ ሁሉም አይደለም።

ሰዓቱም አለ። ገበሬው በንጋት ወጥቶ በጀምበር ጥልቀት ይመለሳል። ከእራት በፊትና በኋላ ያለው ጊዜ የእርሱ ነው። ቅዳሜ የሚቆም ገበያ ዋጋ የሚጠቅመው ዐርብ ማታ ሲነገር ነው፤ እሑድ ቢነገር የታሪክ ትምህርት ይሆናል። መስፈሪያውም አለ። የአዲስ አበባ የኩንታል ዋጋ በአሶሳ ገበያ በጣሳ ለምትሸጥ ሴት ምን ይነግራታል? የመጓጓዣውን፣ የጉልበቱን፣ የደላላውን ድርሻ ቀንሶ የሚያስረዳት ከሌለ ቁጥሩ ላም አለኝ በሰማይ ይሆንባታል። የማን ድምፅ እንደሆነም ጥያቄ አለ። ሠርቶ ያገኘ፣ ዘርቶ የከሰረ ገበሬ በራሱ አንደበት ሲናገር ጎረቤቱ ጆሮ ይሰጠዋል፤ ለምን ቢሉ የተናጋሪው እጅ እንደ እርሱ እጅ መሻከሩን ያውቃልና። በመጨረሻም ራዲዮው የማን ነው? የሚለውን ማንሣት ይገባል። ድንጋዩን የሚገዛው፣ መቀበያውን ይዞ ወደ ከተማ የሚወርደው አብዛኛውን ጊዜ አባወራው ነው፤ በገበያ መደብ የምትቀመጠው ደግሞ ብዙ ጊዜ እማወራዋ ናት። ወሬው አንዱ ጋ፣ ሽያጩ ሌላዋ ጋ ሆኖ ይቀራል።

የሚሠራበት ወሬ

አሶሳ በማንጎዋ የታወቀች ናት። ማንጎ ባንድ ወቅት ይጎርፋል፤ ሲጎርፍ ዋጋው ይወድቃል፤ ካልተሸጠ በጥቂት ቀን ይበሰብሳል። በ2002 ዓ.ም. ገደማ በምሥራቅ ወለጋ የታየው ነጭ ቅርፊት ለበስ ተባይም ተስፋፍቶ ወደ አሶሳ ማሳዎች ደርሷል። በ2009 ዓ.ም. ደግሞ የአሜሪካ ተምች ወደ አገራችን ገብቶ በዚያው ዓመት በብዙ ክልሎች በቆሎውን አጠቃ። ተምችን ለመከላከል ከሚመከሩት መንገዶች አንዱ ዕንቁላሉንና ትሉን ገና በጠዋቱ በእጅ ለቅሞ መግደል ነው። ይህ የሚሆነው ግን ገበሬው ትሉ በቅጠሉ ሙሽራ ውስጥ ከመደበቁ በፊት ከሰማ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ወሬ በዋና ከተማ ስቱዲዮ ተዘጋጅቶ፣ ተፈርሞበት፣ ታትሞ እስኪነበብ አይጠብቅም፤ ቅርብ ያለ፣ ስልክ የሚያነሣ፣ ያየውን ገበሬ አፋጥኖ የሚያናግር ጣቢያ ይፈልጋል።

በዋጋም ረገድ ማስረጃ አለ። በኡጋንዳ የየወረዳውን የእህል ዋጋ እየሰበሰበ በራዲዮ የሚያሰማ አገልግሎት በተቋቋመበት ጊዜ ያጠኑት ኢኮኖሚስቶች፣ ዝግጅቱ በሚደርስባቸው ወረዳዎች ራዲዮ ያላቸው ገበሬዎች በቆሏቸውን 15 በመቶ ያህል በላቀ ዋጋ እንደ ሸጡ አስረድተዋል። ዋጋውን የጨመረላቸው ራዲዮው ራሱ አይደለም፤ ዋጋውን አውቀው ከነጋዴው ጋር ለመከራከር መቻላቸው ነው። በአገራችንም በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. በእሌኒ ገብረመድህን መሪነት ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ የዕለቱን ዋጋ በሰሌዳ፣ በስልክና በብዙኃን መገናኛ ማሳወቅን ከተግባሮቹ አንዱ አድርጎ ተነሥቷል። በ2006 ዓ.ም. የተከፈተው 8028 የስልክ መስመር ደግሞ ገበሬው በፈለገው ሰዓት ደውሎ ስለ እርሻው ምክር እንዲሰማ አስችሏል። የስልኩ ትልቅ ቁም ነገር ሰሚው ጠያቂ መሆኑ ነው። ገበያው እንዴት ዋለ? የሚለው ጥንታዊ ጥያቄ ወደ ማሠራጫው መመለሻ መንገድ አገኘ። ራዲዮና ስልክ ሲተጋገዙ አንዱ ለብዙዎች ይናገራል፣ ሌላው የአንዱን ጥያቄ ይመልሳል።

ሆኖም የሰላም ጉዳይ ከዚህ ሁሉ ይቀድማል። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. በመተከል ዞን በሰላማዊ ሰዎች ላይ በደረሰው ግድያና መፈናቀል ጊዜ የጎረቤት ወሬ መርዝ ሊሆን እንደሚችል ታይቷል። ገበያ ባልቆመበት፣ መንገድ በተዘጋበት አገር ዋጋ መንገር ከንቱ ነው። በአንድ ገበያ የሚገናኙ ሕዝቦች ስለ አንዱ ሰብል በየቋንቋቸው አንድ ዓይነት እውነት ሲሰሙ ግን፣ ራዲዮ ስለ ሰላም ሳይሰብክ ሰላምን ያገለግላል።

ከግድቡ ማዶ

መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. በጉባ ወረዳ የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ቁመቱ 145 ሜትር፣ የማመንጨት ዐቅሙ 5,150 ሜጋ ዋት፣ የሚይዘው ውኃ 74 ቢልዮን ሜትር ኩብ ነው። በ14 ዓመታት ውስጥ ከደመወዝተኛው ቦንድ ግዢ እስከ ገበሬው መዋጮ ድረስ መላው ሕዝብ የተሳተፈበት ይህ ሥራ ብዙ የራዲዮ ሰዓት ወስዷል፤ ሊወስድም ይገባው ነበር። የዛሬው ጥያቄ ግን ከግድቡ ማዶ ላለው ገበሬ ስንት ሰዓት ተመደበለት? የሚለው ነው።

ንጋት የተባለው ሐይቅ ለአካባቢው ሕዝብ አዲስ ዓለም ነው። ከነባር ቦታቸው የተነሡ መንደሮች አሉ፤ መረብ ያነሡ ወጣቶች አሉ። ዓሣ ከማንጎ ይልቅ ፈጥኖ ይበላሻል። በሕንድ ኬረላ ጠረፍ በ1997 እ.ኤ.አ. አንድ ጠዋት 11 ዓሣ አጥማጆች ገዢ አጥተው ያጠመዱትን ሲጥሉ፣ ከ15 ኪሎ ሜትር በማይርቁ ገበያዎች 27 ገዢዎች ዓሣ አጥተው ባዶ እጃቸውን ሊመለሱ ነበር። የእጅ ስልክ ወደ ጠረፉ ሲዘልቅ ይህ ብክነት ቀረ፤ የየገበያውም ዋጋ ተቀራረበ። በጉባና በአሶሳ ዙሪያም የዓሣ፣ የማንጎ፣ የሰሊጥና የማሽላ ገዢና ሻጭ ሳይተያዩ እንዳይተላለፉ ለማድረግ የሚያስፈልገው ነገር ከግድቡ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። ዋጋውን በየገበያው የሚጠይቅ ታማኝ ሰው፣ በገበያ ዋዜማ የሚያነብብ ድምፅ፣ በየቋንቋው የሚያስረዳ አንደበት፣ ጥያቄ የሚቀበል የስልክ መስመር ይበቃል።

ይህ ደግሞ ለእያንዳንዳችን የሥራ ድርሻ ይሰጠናል። በየደረጃው በኃላፊነት ላይ ያሉ ሰዎች ዝግጅቱ ከመጀመሩ በፊት አድማጩን ይጠይቁ፤ ምን ሰዓት? በምን ቋንቋ? ስለ ምን? ከማን አፍ? ብለው ይጠይቁ፤ መልሱንም ለሪፖርት ማሟያ ሳይሆን ለፕሮግራም መነሻ ያድርጉት። የገጠር መምህራን የማዳመጫ ቡድን ለማሰባሰብ ከማንም የቀረቡ ናቸው፤ የትምህርት ቤቱ ግቢ በምሽት ባዶ ነው፤ ተማሪውም ለእናቱ ዋጋውን ከኩንታል ወደ ጣሳ ሊመነዝርላት ይችላል። የኪነ ጥበብ ሰዎችም ነገሩ የግብርና ባለሙያ ጉዳይ ነው ብለን ልናልፈው አይገባም። ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በ257 ክፍሎች የተላለፈው የቀን ቅኝት የተባለው ተከታታይ የራዲዮ ድራማ፣ ስለ ቤተሰብና ስለ ጤና የሚናገር ቁም ነገር በተውኔት ቢቀርብ ሕዝቡ በጉጉት እንደሚከታተለው አሳይቷል። በአሶሳ ገበያ የምትቀመጠው ማንጎ ሻጭ፣ ከወሎ የመጣው አዛውንት፣ በርታኛና ዐረብኛ የሚያቀላጥፈው ነጋዴ፣ መረብ የሚሠራው ወጣት በአንድ ተውኔት ውስጥ ቢገናኙ የሚጣሉበትም የሚታረቁበትም ጉዳይ ሞልቷል። ጸሐፊው ሊጨምርበት የሚገባው የዐርቡን ዋጋ በትክክል መጥቀስ ብቻ ነው፤ ይህን ከሳተ ግን የቱንም ያህል ቢያሳምረው ገበሬው ድንጋዩን ቆጥቦ ራዲዮውን ይዘጋበታል።